አባቴ በዜማ የሰጠኝ ቀን

አገሩን የሚገዙት ሼኾች ለግብር ወርቅ በሚያስቆፍሩበት ዘመን፣ ከአሶሳ በታች ባለው ወንዝ ዳር፣ የጉድጓዱ አፍ ተናደና ድንጋይ አባቴን በግራ በኩል ጭንቅላቱን መታው። ወጌሻው የተሰበረውን አጥንት በቢላዋ ጫፍ ሲያነሳ እኔ ውሃ እያቀበልኩ አየሁ። ከአጥንቱ ሥር ያለው ነገር ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ የሚተነፍስ ይመስላል። የአባቴ ቀልድ፣ ቁጣው፣ እኔን ልጁን የሚያውቅበት ሁሉ እዚያ ለስላሳ ነገር ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው ይህን ያህል ስስ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ቁስሉ ዳነ። የተመታው ግራው ሆኖ ሳለ የሰለለው ግን ቀኝ እጁ ነው፤ ይህ ሲገርመን ንግግሩም ጠፋ። አባቴ አፈኛ ሰው ነበር፤ ገበያ ውስጥ እሱ ካለ ሌላ ሰው ተራ አያገኝም። አሁን «ውሃ» ለማለት ያምጥ ያምጥና በንዴት ያለቅሳል። ሶላት ላይ ግን የቁርዓኑን መክፈቻ፣ ፋቲሐን፣ ከአፍ እስከ ገደፉ በቃሉ ይቀራል፣ አንዲትም ቃል አይስት።

ጣጣው ከዚህ መጣ። አባቴ ለጎረቤታችን ለሸማኔው ሊድረኝ ቃል ገብቶ ነበር። እኔም ሸማኔውን እወደው ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን ፈርቼ እደብቃለሁ? የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ ሊታሰር ሲል ግን የመንደራችን የቁርዓን መምህር፣ ፈቂው፣ እንቢ አለ።

«ዲዳ ቢሆን ራሱን መነቅነቁ ይበቃን ነበር። ፋቲሐ የሚቀራ ሰው ግን ዲዳ አይደለም። ሰጥቻለሁ ይበል» አለ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ወላሂ ወንድሜ አእምሮ የለውም! የሚቀራው እንደ በቀቀን ነው። ከእንግዲህ ወሊዋ፣ ዳሪዋ፣ እኔ ነኝ።» እሱ ያሰበልኝ ከሱዳን አህያ እየነዳ የሚመጣ፣ ሁለት ሚስት ያለው ነጋዴ ነበር። ፈቂው እስከ ጁምዓ ጊዜ ሰጠን።

በማግስቱ ወንዝ ወርጄ አሸዋ ሳጥብ አባቴ ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር። እልህ ይዞኝ የወርቅ አጣቢዎችን ዘፈን ጀመርኩ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ተቀበለኝ፤ ቃሉ ሳይጎድል፣ ሳይንተባተብ። ዞር ስል አባቴ ነው፤ የማጥቢያ ገበቴው ከእጄ ወደቀ።

ካረጀሁ በኋላ ያገኘሁት አንድ ሐኪም ንግግር በግራው አንጎል እንደሚያድር፣ ያው ግራው አንጎል ቀኝ እጅን እንደሚያዝ፣ ዜማ ግን ሌላም ማደሪያ እንዳለው ነግሮኛል። ያን ጠዋት ይህን የት አውቄ! ዋናው በር ቢዘጋም የጓሮ መግቢያ እንዳለ ብቻ ገባኝ። በዘፈኑ ዜማ ላይ ሌላ ቃል አስገብቼ አስጠናው ጀመር። ላብ አጠመቀው፣ አለቀሰ፤ እኔም አልራራሁለትም።

ጁምዓ ደረሰ። ከሶላት በኋላ ፈቂውና አጎቴ ቤታችን ተቀመጡ። እኔ ዜማውን ብቻ አንጎራጎርኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ «ልጄን ለሸማኔው ሰጠሁ፣ ሰጠሁ» እያለ አዜመ።

«አስጠንታዋለች!» ብሎ አጎቴ ጮኸ። «በቀቀን ነው አላልኳችሁም?»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ፈራሁ። አስጠንቼዋለሁና።

ፈቂው ጥቂት አሰበ። ከዚያ በዚያው ዜማ፣ በማያምር ድምፁ፣ ራሱ ጀመረ፤ «ልጄን ለነጋዴው...»

ቀሪዋ ቃል፣ «ሰጠሁ»፣ የአባቴ ናት። አፉን ከፈተ። ዜማው ሲጎትተው ከንፈሩ ላይ አየሁ፤ «ሰ...» አለ። ከንፈሩን ነከሰ፣ በግራ እጁ መሬቱን መታ፣ ዜማ የሌላትን፣ ከአደጋው ወዲህ ያልሰማናትን አንዲት ደረቅ ቃል አወጣ።

«አይሆንም!»

«በቀቀን እንቢ አይልም፤ ኒካሁ ይታሰር» አለ ፈቂው። አጎቴ ተነስቶ ወጣ። እኔ ግን የሠርጌን ነገር እንኳ ረሳሁት፤ አባቴ ለካ አንዳች ሳይጎድል እዚያው ውስጥ ነበር፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።