ሮዙ ቴምብርና የዓሚ ዓይን

የመን፣ ዔደን ከተማ፣ አል-ዐሪሽ ሰፈር ውስጥ የምሠራበት ቤት ጌታ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ዓሚ እላቸዋለሁ፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ሚስታቸውን ደግሞ ኻላ፣ አክስቴ። ኻላ ታከም ብለው ለዓመታት ቢለምኗቸውም ዓሚ ኦፕራሲዮን ስለሚፈሩ እሺ አላሉም። የሚቆጫቸው ግን ቴምብሮቻቸውን ማየት አለመቻላቸው ነበር።

ቴምብሮቹን አባታቸው ከድሮ የቡና ነጋዴዎች ፖስታ ላይ የሰበሰቧቸው ናቸው፤ ከአሜሪካ የመጡ፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው። አንዱ ሮዝ ቴምብር ከፖስታው ጋር ተጣብቆ ስለኖረ ዓሚ ጀርባውን አይተውት አያውቁም። በዚያ ዘመን አሜሪካኖች፣ ሰው ቴምብሩን አጥቦ ደግሞ እንዳይልክበት፣ የማኅተሙ ቀለም ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ብለው አንዳንዱን ወረቀት በጥቃቅን ነጥቦች ይወጉት ነበር። ነጥቦቹ ወንፊት ይመስላሉ። ብርቅ የሚባለው ወንፊት ያለበት ነው።

ባለፈው በጋ መብራት ጠፍቶ ሰነበተና የዔደን ወበቅ ራሱ ቴምብሩን አላቀቀው። ዓሚ እንደነገሩኝ በወረንጦ አንስቼ ጥቁር ሳህን ላይ በግንባሩ ደፋሁትና የላይተር ቤንዚን ጠብ አደረግሁበት። ነጥቦቹ ወጡ።

«ዓሚ፣ ወላሂ ወንፊቱ አለ» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ፤ ግን አላመኑኝም። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እናንተ የወሎ ሰዎች ሰው አታስከፉም። ኻላ አረጀች ወይ ስልሽም፣ እንደ ሙሽራ ናቸው ትይኛለሽ።»

በጣም ተናደድኩ። እርግጥ በእኛ አገር ለሽማግሌ ክፉ ቃል አይወረወርም፤ መርዶ እንኳ በዘዴ ነው የሚነገረው። ታዲያ ያየሁትን አየሁ ማለቴም እንደ ማባበያ ሊቆጠር ነው? «እንግዲያው በዓይንዎ ይዩት» አልኩና ሳህኑን አነሳሁ።

በማግስቱ ኦፕራሲዮን ልሁን አሉ። ኻላ ደስ ይበላቸው ወይ ይቆጡ ግራ ገባቸው፤ ያን ሁሉ ዓመት የሳቸው ልመና ያላነቃነቀውን ሰው ሮዝ ወረቀት አስነሳው። እኔም ፀሎት ያዝኩ፤ ዓይናቸው ካልበራ ውሸታም እንደሆንኩ መቅረቴ ነው።

ፋሻው ተነስቶ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቴምብሩን አሉ። መስኮቱ ጋ ወስደው፣ አጉሊ መነጽሩን ይዘው፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል ቀና አደረጉት።

«አለ» አሉ። «ወንፊቱ አለ። አላህ ይባርክሽ፣ ልጄ።» እንደ ሕፃን ሳቁ፤ እኔም ከሳቸው ብሼ ሳቅሁ።

ኻላ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል። «መጀመሪያ የወረቀት ጀርባ አየህ። የኔንስ ፊት?»

ዓሚ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጡና ቀና ብለው ቀስ እያሉ አዩዋቸው፤ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ከሻሹ ያመለጠውን ሽበት።

«ልጅቷ በዚህም አልዋሸችም» አሉ።

ኻላ ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደኔ ዞሩ። «ዓይኑን ሲከፍቱለት ወሎዬ አድርገው ነው እንዴ የላኩት?»