መርዶ ይዞ ዳገት መውጣት

ክረምት በገባ ቁጥር በእንፋሎት ባቡር ተራራ መውጣት ልማዴ ነው። አሮጌ ባቡር የሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ በብርዱ ወራት አንዳንድ ቅዳሜ ድንጋይ ከሰሉን አቀጣጥለው፣ ያረጁትን ፉርጎዎች ቀጥለው፣ ከሜልበርን በስተምዕራብ ያለውን ዳገት ያወጡታል። እኛም ትኬት ቆርጠን እንሳፈራለን። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም። ስለ እንፋሎት የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ሰፈራችን ሴንት አልባንስ ካለው ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው። ይህን ባቡር የምወደው ሥራውን ስለማይደብቅ ነው። ሲደክመው ይሰማል፤ ሲበረታም ይሰማል። ሰውም እንዲህ ቢሆን ብዙ ጥፋት ይቀንስ ነበር።

ባለቤቴ ግን አንድም ጊዜ አብራኝ ሄዳ አታውቅም ነበር። «ያደግሁት ጭስ ቤት ነው፤ ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ ልታጠን?» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን እንድትሄድ ለመንኳት። መለመን የማልወድ ሰው ለመንኩ። አርብ ማታ ከአገር ቤት ተደውሎ ታላቅ ወንድሟ ማረፉ ተነግሮኝ ነበር። እናትና አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተው እሱ ነው ያሳደጋት፤ እንደ አባቷ ነው የምታየው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚያ ሲነጋ፣ ሳትደውልለት ቀርታ አታውቅም።

በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይሰማም። ዘመድ ወዳጅ ማለዳ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አርድቶ፣ የሚያለቅሰውን ሰው ደግፎ የሚይዝ እጅ በአጠገቡ መኖር አለበት። የእድራችን ሰዎች ግን ግማሾቹ ቅዳሜን ሥራ ይውላሉ፤ የሥራ ፈረቃቸውን መቀየር አልቻሉም። ስለዚህ እሁድ ሲነጋ ሊመጡ ተስማማን። የቀረው ቅዳሜን ያለ ስልክ ማሳለፍ ነበር።

«አንተ ያን ባቡርህን ትወድ የለ? ይዘሃት ውጣ» አሉኝ የእድሩ ሽማግሌ። «ተራራው ላይ ኔትዎርክም አይኖር ይሆናል።»

ሥራ የያዘች ልጃችን ከእኛ ጋር ትኖራለች። ነገሩን ነግሬያት፣ የእናትሽን ስልክ፣ መስታወቱ ስለተሰነጠቀ ላሠራልሽ ብለሽ ውሰጂ አልኳት።

«አባ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ።

«ውሸት አይደለም፤ ማቆየት ነው።»

«እኔ ልጅ ሆኜ ስዋሽ እንዲህ ብዬህ ቢሆን ትቀበለኝ ነበር?»

አልቀበላትም ነበር። ቤቴ ውስጥ ውሸት እንደ ስርቆት ይቆጠራል ብዬ ነው ያሳደግኋት። እሷም የእናቷን ፊት ሳታይ ስልኩን ወስዳ ወጣች።

ሰንሻይን ጣቢያ ላይ ባቡሩን ስንጠብቅ ባለቤቴ ከነበሯት ሻርፖች ሁሉ መርጣ ጥቁሩን ጠምጥማ ነበር። ብርድ ነው ብላ ነው እንጂ ሌላ አታውቅም። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ሐዲዱ መለስኩ። ባቡሩ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ በድምፅ፣ ቀጥሎ በመብራት መጣ። ያን ያህል ጊዜ ተሳፍሬበት፣ ሲመጣ የፈራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሷ ደስ አላት። ይህ ነው የከበደኝ። ሜዳውን ስናቋርጥ ግንባሯን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ፊት ለፊታችን ሹራብ የምትሠራ አንዲት የአገሩ አሮጊት ተቀምጣ ነበር፤ «የመጀመሪያ ጊዜሽ ነው?» ብላ ስትጠይቃት ባለቤቴ በጣቷ እኔን እያሳየች፣ «ይሄ ሰውዬ ሲለምነኝ ኖሮ ዛሬ አዘንኩለት» አለቻት። ተሳሳቁ።

ከዳገቱ ሥር ባለችው ከተማ ባቡሩ ውኃ ሊቀዳ ቆመ። ሰው ሁሉ ፎቶ ሊያነሳ ወረደ።

«ስልክህን ስጠኝ እስቲ» አለችኝ። «ወንድሜ አሁን ነቅቷል። የባቡሩን ፊሽካ ላሰማው።»

«ባትሪው አልቋል» አልኩ።

በዕድሜዬ እንደዚያ ፈጥኖ ከአፌ የወጣ ውሸት አላስታውስም። «ምን ይደረግ፣ ማታ ቤት ስንገባ» አለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ዳገቱ ሲጀምር ድምፁ ተለወጠ። ሜዳ ላይ ይሮጥ የነበረው ትንፋሽ እየከበደ፣ እየተቆራረጠ መጣ። ጉሙ ወርዶ ከባሕር ዛፎቹ ግንዳቸውን ብቻ አስቀርቷል። ጭሱም ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ከመስኮታችን ሥር ይሳብ ነበር። የዚህ አገር ቁራ ጩኸቱ የሚያለቅስ ሕፃን ይመስላል፤ አንዱ ከጉሙ ውስጥ ሲጮህ ባለቤቴ አማተበች። እኔም በልቤ ከእሷ ጋር አማተብኩ።

ሐዲዱ እርጥብ ነበር። እርጥብ ሐዲድ ላይ ቅጠል ከረገፈበት መንኮራኩሩ መያዝ ያቅተዋል። ድንገት ትንፋሹ እንደ ከበሮ ተቻኮለ፤ መንኮራኩሮቹ በባዶ ተሽከረከሩ፤ ፉርጎው ተንገጫገጨ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ተራራው ወገብ ላይ ቆምን። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ በፉርጎዎቹ መሀል እያለፈ፣ «ሐዲዱ ላይ አሸዋ እስኪደረግ ትንሽ ታገሡን» አለ። ከዛፎቹ ጣሪያችን ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማ ነበር።

በዚያ ጸጥታ መሀል ከኮቴ ኪስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

አላወጣሁትም። ደጋግሞ ጮኸ። አሮጊቷ እንኳ ሹራቧን ትታ አየችኝ።

«አልቋል አላልከኝም?» አለች ባለቤቴ።

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ አንሳዋ።»

«ይቆይ።»

ጥሪው ተቋረጠ። እሷ መስኮቱን እንጂ እኔን አላየችም። ስትናገር ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ለካ ለዚህ ነው። ጠዋት ሻይ አፍልተህ ሰጠኸኝ። ጫማዬን ስፈልግ ዘገየሽ ብለህ አልተቆጣኸኝም። እኔ ደግሞ፣ ሰውዬው በስተርጅናው ልቡ ራራ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። እጇን አንስታ ከአፌ ፊት አቆመችው።

«ተው። እንዳትነግረኝ። እዚህ ባዕድ መሀል፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለእሱ አላለቅስም። ሰው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ነገ ሲነጋ።»

«እንግዲያው ነገ እሰማለሁ። እስከዚያ አንተም አልነገርከኝም፣ እኔም አልጠየቅሁህም።»

ባቡሩ ተንገዳግዶ ተነሣ። ጥቂት ይሄዳል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይይዛል። አሮጊቷ ከቴርሞሷ ሻይ ቀድታ ሰጠቻት፤ ባለቤቴም አመስግና ተቀበለች፤ ስለ ሹራቡም ቀለም አወራች። ፊቷ ፈገግ ብሎ ሌላኛው እጇ ግን የሻርፑን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

ይህን ስጽፍ ራሴን ለማጽደቅ አይደለም። ወጉ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ብቻውን መርዶ ሊረዳ አይገባውም። ግን ሸክሙን እኔ ተሸክሜላት እስከ ነገ የማደርስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዳገት ጀምሮ የተሸከመችው እሷ ናት፤ ያውም ያለ ለቅሶ። ወግን የሚጠብቅ ሰው ዋጋውን ማን እንደሚከፍለው ማወቅ አለበት።

ስንወርድ ፍሬኑ እየተንጫጫ፣ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «ልጅቷ ታውቃለች?» አለችኝ።

«ታውቃለች።»

«እንዳወቅሁ እንዳትነግራት። እናቴን አታልዬ ተነቃብኝ ብላ ታዝናለች።»

እሁድ ሲነጋ ቤቱ ተጠርጎ፣ እሷም ለብሳ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ግን እንደ ማንኛውም ቀን «ማነው በዚህ ማለዳ?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለ ሰው ልጅ እንግድነት፣ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ተናገሩ። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ አላቋረጠቻቸውም። የወንድሟን ስም ሲጠሩ የጮኸችው ጩኸት ከእኛ ቤት አልፎ ጎረቤቶቹን በረንዳ ላይ አወጣቸው። ልጃችን ሮጣ «ማሚ፣ ይቅርታ» እያለች ወደቀችባት፤ እሷም በለቅሶዋ መሀል የልጅቷን ራስ ደረቷ ላይ ደፋችው።

«ምንም ሳታውቅ! እንዲያው በድንገት!» ይሉ ነበር የያዟት ሴቶች።

እኔ ከወንዶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አንድም ቃል አልጨመርኩም።