በሻኩራዎቹ መካከል

ስልኩ የጮኸው ልብስ ሰፊዋ ከቀይ ጨርቅ የሰፋችውን ትንሽ ሮማን በጥጥ እየሞላች ሳለ ነው። ከሆስፒታል የደወለችው የባሏ እህት ነበረች። «እቴ…» ብላ ድምጿ ተሰበረ፤ የቀረውን መናገር አላስፈለጋትም። ልብስ ሰፊዋ ሮማኑን ሞልታ ጨረሰች፤ አፉን ሰፋች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የሱቁን በር የዘጋችው ከዚያ በኋላ ነው።

ባሏን ሰፈሩ የሚያውቀው «ነጎድጓድ» በሚል ቅጽል ነበር። ሲስቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ «ዝናቡ መጣ፣ ዕቃ አስገቡ!» ይላል። እሷ አፏ ቁጥብ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ በመኪና ይሰፋል፣ ከደንበኛ ይከራከራል፤ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች።

ለሕፃናት መጽሐፍ ቅዱስ የምታስተምር አንዲት ወጣት የጥንቱን የእስራኤል ሊቀ ካህናት ልብስ ለማሳያ እንዲሰፉላት ስትጠይቃቸው፣ ነጎድጓድ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አደረገ። የልብሱን ትእዛዝ ከኦሪት ሲያነብ መጀመሪያ የወደደው አንገትጌውን ነው።

«አየሽ እሜቴ፣ እንዳይቀደድ ዙሪያውን ይጠናከር ይላል! ይኼን ያዘዘ የልብስ ነገር ያውቃል።»

የደረት ኪሱን ሲሰፋ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። የአሥራ ሁለቱ የእስራኤል ነገዶች ስም በድንጋይ ተቀርጾ የሚያርፈው በካህኑ ልብ ላይ ነው። «ብቻውን አይገባም ማለት ነው» አለ፤ «ሌላውን ሁሉ ደረቱ ላይ ይዞ ነው የሚገባው።»

ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቸኮለ። ትእዛዙ ሻኩራና ሮማን፣ ሻኩራና ሮማን እያፈራረቁ ይስፉ የሚል ነው፤ ሻኩራው ካህኑ ሲገባ እንዲሰማ የሚንጠለጠል ትንሽ ቃጭል ነው። ነጎድጓድ የእሷ ሮማኖች እስኪደርሱ አልጠበቀም፤ ሻኩራዎቹን አጠጋግቶ ደረደራቸው። ለብሶት በሱቁ ውስጥ ሲራመድ እርስ በርስ ተጋጩ፤ የአንዱ ሻኩራ ጠርዝም ተሰነጠቀ።

«ፍየሎቹን ማን ለቀቃቸው?» አለ ጫማ ጠጋኙ ከማዶ።

«ሊቀ ካህናት ነኝ፣ አፍህን ያዝ!»

«አንተ ሰውዬ» አለች እሷ፣ ሳቅ እያፈናት፣ «ሮማኑ ለጌጥ ብቻ መሰለህ? ለስላሳ ነገር መሀል ካልገባ ይሄው ነው።»

ነጎድጓድ ተቀምጦ ስፌቱን ይፈታ ጀመር። የፈታቸውን ሻኩራዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቆይቶ፣ «መጽሐፉ ይኼን ይበል አይበል አላውቅም» አለ። «እኔ ግን በሰው ዘንድ ተሰሚ ሆኜ የኖርኩት አንቺ መሀል ስለገባሽ ነው።»

«ሮማኗን ማን ይሰማታል ታዲያ?»

«እኔ!»

የፊቱን ጠርዝ በደንቡ ሰፍቶ እንደጨረሰ ታመመ። ሆስፒታል ልትጠይቀው በገባች ቁጥር፣ በሳሳ ድምፅ «ሮማኖቹ ደረሱ?» ይላት ነበር።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ መምህሯ መጣች። ልብሱ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ እሱ የተወው መርፌ ከነክሩ ጠርዙ ላይ ተሰክቷል።

«እትዬ፣ ለእርስዎ ማስታወሻ ይሁን። ልጆቹን በሥዕል አሳያቸዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ የምትፈልገው ይኼንኑ ነበር። አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ልታኖረው፣ ሲከፋት ልታሸተው። ልብሱን ልታወርደው ስትነካው ግን ሻኩራዎቹ ድምፅ ሰጡ፤ አልተጋጩም። እጇን እዚያው እንዳለ አቆየችው።

«የለም ልጄ» አለች። «ይሄ ልብስ የሚሰማው ሰው ሲራመድበት ነው። ልጆቹ በየተራ ይልበሱት፤ እንዳይረግጡት ብቻ ያዢላቸው።»

መምህሯ ስትወጣ እሷ መነጽሯን አደረገች። «ተመስገን» አለች ለብቻዋ፣ «ዝምተኛ ባል አልሰጠኸኝም።» ከዚያ እሱ የተወውን መርፌ ነቀለች።

አሁን ሮማኖቹ በሙሉ ዙሪያውን ተሰፍተዋል። በኋላ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ግን እሱ ያልደረሰባቸው ሻኩራዎች ገና አልተሰፉም፤ መርፌው በእሷ እጅ ነው።