አይላ ገና አልበሰለችም

ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላትን፣ ሁለት ልጆች ድራ አንድ ባል የምታስተዳድር ሴት «ገና አልበሰልሽም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዋ ግን እንዲያ ብሏታል። እዚህ ፊንላንድ ማንም ሰው ሁለተኛ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት የብስለት ፈተና ይቀመጣል፤ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ አንድ ጥያቄ ይሰጠውና ምንም መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ በእጁ፣ በደህና ቋንቋ አራት ገጽ ይጽፋል። አይላ የጻፈችው አሥራ አንድ መስመር ነበር።

በሙያ ትምህርት ቤታችን የመምህራን ክፍል ጠረጴዛዋ ከእኔ ጠረጴዛ ጋር ይገጥማል። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ስንቀመጥ ከእሷ የሰማሁት ቃል ሁሉ ቢሰበሰብ የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ ይበቃዋል። በወጣትነቷ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስትማር፣ ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት የስልክ ፋብሪካው መጥቶ ወሰዳት፤ ያን ጊዜ ተማሪውን ሳይመረቅ ነበር የሚለቅመው። ሃያ ዓመት ካሠራት በኋላ ቀነሳት። አሁን እኛ ጋ በጊዜያዊነት ታስተምራለች። ቋሚ ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪ እስከ ግንቦት መጨረሻ ማቅረብ አለባት፤ አለዚያ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜዋን ሠውታ ተማረች፣ ጽሑፏንም ጨረሰች።

የጽሑፏ ርእስ ምን መሰላችሁ? ኮምፒውተር ሲበላሽ «ስህተት 40» ብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ ምን እንደ ሆነና አሁን ምን ማድረግ እንደሚሻል በሰው ቋንቋ መናገር አለበት ነው የምትለው። ይህን የጻፈችው አይላ ናት!

ቋንቋውን የምታርመው ፈታኝ ኢንካ ትባላለች፤ በዕድሜ ልጇ ልትሆን ትችላለች። ስልክ ደወለችላት።

«መልሱ ልክ ነው» አለቻት።

«ታዲያ?»

«አጭር ነው።»

«ልክ ከሆነ ምን ይጨመርበታል?»

«አይላ፣ ጥያቄው እኮ ከሙያው ውጭ ላለ ሰው አስረጂ ነው የሚለው። እኔ አንድም ነገር አልገባኝም።»

«እሺ» ብላ ዘጋችው። የቀራት ሐሙስ የሚሰጠው ድጋሚ ፈተና ብቻ ነበር፤ ከሐሙስ በኋላ እስከ መስከረም ፈተና የለም።

ቤት ስትገባ ባሏ ኦይቫ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ድንች ይልጣል። የሆነውን ያወራልኝ እሱ ነው።

«ወደቅኩ።»

«ለምን?»

«አጠረ።»

ኦይቫ ቢላዋው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ማሽኑን አይናገርም ብለሽ ዘጠና ገጽ ሙሉ ከሰስሽው። አንቺስ? ስህተት 40!»

«ዝም ብለህ ድንችህን ላጥ።»

«አልልጥም። ከሙያው ውጭ ያለው ሰው እኔ ነኝ። ቁጭ በይና አስረጂኝ። ምሳሌ ስጪኝ፣ የማውቀውን።»

አይላ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «ፋብሪካው የቀነሰኝ ጊዜ» አለች፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነገርኩህም። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ እወጣና ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ መኪና ውስጥ እቀመጥ ነበር። ‹ሥራ እንዴት ዋለ?› ስትለኝ ‹ደህና› እልህ ነበር። ይኸውልህ ምሳሌው። ተበላሽቶ ደህና ነኝ የሚል ማሽን።»

ኦይቫ ድንቹን አስቀመጠ።

«አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ስምንት ቁጥር አውቶቡስን የምነዳው እኔ አልነበርኩም እንዴ? በቤተ መጻሕፍቱ በር በቀን ስድስት ጊዜ አልፍ ነበር። መኪናሽን በየቀኑ አያታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ሠላሳ ዓመት በአንድ ቤት የኖሩት እንዲህ ነው። አይላ አለቀሰች፤ አባቷ ከተቀበሩ ወዲህ ስታለቅስ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው ይላል። ይልጥ የነበረው ድንች መሆኑን ግን ቅድም ራሱ ነግሮኛል። ከልቤ አዘንኩላቸው፣ ሳቄንም መቆጣጠር አቃተኝ።

ሐሙስ ዕለት አይላ አራት ገጽ ተኩል ጻፈች። ሰዓቱ ሲያልቅ ጠባቂው ወረቀቱን ከእጇ መንጠቅ ነበረበት። መኪና ውስጥ ስለተቀመጠችው ሴትና ስለ አውቶቡስ ነጂው ባሏ ሁሉንም ጽፋዋለች፤ ስማቸውን ብቻ አላነሳችም።

በሳምንቱ ማክሰኞ የመምህራን ክፍል ተቀምጠን ስልኳ ጮኸ። ኢንካ ናት። አይላ የተማሪ ፈተና እያረመች ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አልፈሻል» አለቻት ኢንካ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ላቅፋት ስል በእጇ ገታችኝ፤ ልጅቷ ገና አልጨረሰችም ነበር።

«አይላ... አባቴም ከዚያው ፋብሪካ ነው የተቀነሰው። ይኸው እስከ ዛሬ በጠየቅኩት ቁጥር ‹ደህና ነኝ› ነው የሚለኝ። ዛሬ እደውልለታለሁ።»

አይላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አትደውዪለት» አለቻት። «ሂጂ።»