ከብሪስቶል የመጡት ሦስት ካርዶች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሕይወት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ «እማ፣ የምማርበት ከተማ ይኸውልሽ» አለችኝ። ትልቅ የብረት መርከብ ነው፤ የቆመው ውኃ በሌለበት ነው፣ ዙሪያውን ውኃ የሚመስል መስታወት ከበውታል፤ ጎብኚው ከሥሩ ይመላለሳል። ስሙን ሳትነግረኝ «ብሪስቶል» አልሁ። ደነገጠች። እኔንም ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

ስሙን የሰማሁት ድሮ ነው፤ ያኔ ጣና ዳር፣ ዘጌ ነበርን፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ። ገዳማቱን ሊያዩ በጀልባ ለሚመጡ እንግዶች ሎሚና ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች እሸጣለሁ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ መንገዱ ያንሸራትታል፣ የቡናው ቅጠል ጠል ያንጠባጥባል። አንዲት እንግሊዛዊት እግሯ ወለም አላትና እስከ ጀልባዋ ደግፌ አደረስኋት። አስጎብኚው ስሜን ጽፎ ሰጣት።

ከወራት በኋላ በዘጌ ትምህርት ቤት አድራሻ ከሴትዮዋ ካርድ መጣልኝ። እኔ ከሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርሁም፤ አማርኛውን እንደምንም እቆጥራለሁ እንጂ እንግሊዝኛ ከየት አምጥቼ። የምታነብልኝ እዚያ የምትማረው ጓደኛዬ የሺ ናት፤ ከአንድ ገበታ በልተን ያደግን። ካርዱ ላይ ያ መርከብ አለ። የከተማዬ የብሪስቶል የድሮ መርከብ ነው ትልሻለች፣ ሰላምም ብላሻለች አለችኝ። ሁለተኛው ላይ በሁለት ገደል መካከል የተንጠለጠለ ድልድይ፣ ሦስተኛው ላይ አሮጌው ወደብ ነበር።

«ይህ ሁሉ ጽሕፈት ለሰላምታ ብቻ ነው?» አልኋት።

«ፈረንጅ ሰላምታ ያበዛል» አለች የሺ። ሳቅን። መልሱንም የምትጽፍልኝ እሷው ነበረች።

ከዚያ ካርዱ ቀረ። የሺም አጎቴ ሊያስተምረኝ ነው ብላ ባሕር ዳር ገባች። ዳቦ ጋግሬ፣ አልቅሼ ሸኘኋት።

በጥቅምት ሎሚ ልሸጥ ባሕር ዳር ስሄድ ናፍቃኝ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆምሁ። ዩኒፎርም ለብሳ ወጣች። ልጠራት ስል ከኋላዋ አንዲት ልጅ «ጥሩወርቅ!» ብላ ተጣራች። ስሜ ነውና ዞርሁ። የሺም ዞረች።

ለካ ሴትዮዋ ላስተምርሽ ብላ የጻፈችው ለእኔ ኖሯል። የሺ በስሜ ተመዝግባ ትማር ነበር።

«አንቺማ እንግሊዝኛ አታውቂ፤ ብትገቢስ ምን ይረባሻል?» አለችኝ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ለማን ልክሰሳት? ለእንግሊዛዊቷ የምትጽፍልኝ እሷው ነበረች።

ሕይወት መርከቡን ያሳየችኝ ዕለት ከዚያው ከብሪስቶል የመጣላትን ደብዳቤ አንብባልኝ «አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ እማ» አለችኝ። አላመንኋትም፤ የወለድኋትን ልጅ። ሥራ ስትሄድ ወረቀቱን ለጎረቤታችን ለመምህሩ ወስጄ አስነበብሁት። አራት ዓመት ይላል።

የሺ የዋሸችኝ ለራሷ ነው። ሕይወት ግን እናቴ ትፈራለች ብላ ነው፤ አይጠፋኝም። ሆድ ግን ይህን አይለይም፤ ሁለቱም በማላነበው ወረቀት ገቡብኝ። አራት ዓመት ብዙ ነው፤ በአራት ዓመት ሰው እናቱንም ይረሳል እያልሁ ስፈራ ዋልሁ። ወረቀቱን ቦታው መለስሁት።

ማታ ስትመጣ ለአንድ ዓመት የሚሆን በርበሬ እንዳዘጋጅላት ጠየቀችኝ። እሺ አልኋት። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ የአራቱን ገዛሁ።