የአዴ ሩቂያ የጓሮ በር

ቄጠማ ሻጮች በደጃፌ ሲያልፉ የረጠበው ቄጠማ ሽታ ሳላስበው ወደ ሐይቁ ዳር ይመልሰኛል። ዛሬ ሐረማያ የምትባለውን ያኔ ዓለማያ እንላት ነበር። አባቴ አናጢ ነበርና እዚያ የአንድ ዓመት ሥራ አግኝቶ፣ በመስከረም መጨረሻ ሐረር ሸዋ በር አጠገብ ያለውን ቤታችንን ለአክስቴ ትቶ፣ እናቴን፣ የአራት ዓመቱን ወንድሜን ጌትዬንና የዘጠኝ ዓመቷን እኔን ይዞ ሄደ።

የተከራየነው ሁለት ክፍል ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈርተኛው «እናት» ለማለት «አዴ» የሚላቸው አዴ ሩቂያ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ነበሩ። ወደ ሐይቁ የሚያወጣውን የጓሮ በር ለእናቴ እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ልጆች ስላሉሽ ይሄ በር ተቆልፎ ነው የሚኖረው፤ ቁልፉም እኔ ጋ ይሆናል» አሏት። እናቴ ደስ አላት፤ እኔ ግን በበሩ ስንጥቅ ውሃውን እያየሁ እጓጓ ነበር።

በጋውን ሙሉ ቤታቸው ቤታችን ሆነ። ጌትዬን አዝለው ያስተኙት፣ ስኳር ድንች ቀቅለው ይጠሩን፣ የጾማችንን ቀን ከእኛ ቀድመው ያስታውሱ ነበር። እሳቸው ለሶላት ሲቆሙ ደግሞ እኛ ድምፃችንን እንቀንስ ነበር።

የበልጉ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ገበያ ሄዳ፣ አዴ ሩቂያ ለዐሱር ሶላት ቆመው ሳለ፣ ቁልፉን ከክፍላቸው ግድግዳ ምስማር ላይ አውርጄ በሩን ከፈትኩና ጌትዬን እጁን ይዤ ወጣሁ። ዳሩ በዝናቡ ጭቃ ሆኖ ያንሸራትት ነበር። እጁን ለቅቄ ቄጠማ ስነቅል ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁና ዞር ስል ወንድሜ የለም። መጮኼን እንኳ አላስታውስም። ዓሣ ያጠምድ የነበረ ሰው ዘሎ ገብቶ አወጣው፤ ጌትዬም ውሃ ሲያስመልሰው ቆይቶ አለቀሰ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «በሩን ማነው የከፈተው?» አለችኝ።

ዓይኗን አይቼ ፈራሁ። «አዴ ሩቂያ ናቸው» አልኩ።

እሳቸው ከኋላችን ቆመው ኖሯል። በበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «አዎ፣ እኔ ነኝ ልጄ። ረስቼው ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተርፏል።»

ከ«እርስዎ» በቀር ጠርታቸው የማታውቀው እናቴ፣ «አንቺ ወልደሽ ስላላየሽ የልጅ ነገር አይገባሽም!» አለቻቸው። አዴ ሩቂያ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባቴን ለሥራው እዚያው ትተን፣ ዕቃችንን ጭነን ወደ ሐረር ተመለስን። ሲሸኙን በጨርቅ የተቋጠረ ስኳር ድንች እጄ ላይ አስያዙኝ፤ እናቴ ተቀብላኝ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

በተከታዩ በጋ ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ አገኘናቸው። ቅመም ሲገዙ አይተውን፣ «ጌትዬ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ እጄን ጎትታ አለፈች። ያኔም እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ መሸከም አቃተኝና በአንድ ክረምት ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ዓለማያ ወሰደችኝ። የእኛ የነበሩት ሁለት ክፍሎች ማገዶ ተከምሮባቸው ነበር፤ አሮጊቷ በቸልታቸው ልጅ በሐይቁ ሊያስበሉ ነበር ተብሎ ተወርቶ ኖሮ፣ ከእኛ በኋላ ልጅ ያለው ሰው ሊከራያቸው አልፈለገም።

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ አነሷት። «ለምን እውነቱን አልነገሩኝም?» አለች እያለቀሰች።

«ልጅቷ ትንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። «ቁጣሽን እኔ ብችለው ይሻላል ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጉንጬን ዳሰሱና፣ «አንቺስ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በየበዓሉ እንጠይቃቸው ነበር።

ዛሬ እኔ እሳቸው በዚያን ጊዜ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ያኔ የምፈራው የእናቴን ቁጣ ብቻ ነበር፤ አሁን የሚቆጣኝ ሰው የለም፣ ይቅርታውንም አግኝቻለሁ። ነገር ግን የልጅ ልጆቼ ቤቱን በጩኸት ሲሞሉትና ሰው ሁሉ «ዝም በሉ» ሲላቸው፣ እኔ «ተዉአቸው» እላለሁ። እኒያ ሴትዮ በእኔ አንድ ቃል የተነሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የልጅ ድምፅ በሌለበት ቤት እንደኖሩ አውቃለሁና።