ማሩ ስብከቱን ሲደግመው

እስቲ መምህር ይሻውን ተመልከቷቸው። ጉና ሥር ባለች ደብር ቅዳሴ አልቆ እየሰበኩ ነው። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ወንዶቹ ያጨበጭባሉ፣ የእሳቸው ፊት ግን ይጠቁራል። ሌላ ሰባኪ ቢሆን በዚህ ጭብጨባ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ያወራበት ነበር። እሳቸው ግን፣ «ይኼ ሕዝብ ብመርቀውም እልል፣ ብገሥጸውም እልል፤ ምኑን ነው የሰማኝ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እጃችንን ይዘን እንሄዳለን እንጂ ጆሯችንን ቤት ትተነው ነው የምንመጣ።

ያን እሑድ የሰበኩት ስለ ወሰን ነበር። ምክንያቱን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ማሩ በየዓመቱ ሲያርስ አንድ ትልም፣ አንድ ትልም እያለ ባሏ የሞተባትን የእቴነሽን የድንች መሬት በልቶታል። ዝናቡ ደጅ ላይ ነው፤ ካልመለሰላት ዘንድሮ የምትዘራበት የላትም። እቴነሽ ሽማግሌ ብትልክበት «እናያለን» ብሎ ሸኝቷል። መምህሩ ስም አልጠሩም። «የመበለት ወሰን የገፋ ሰው ጸሎቱ ከጣሪያ አያልፍም» አሉ። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ማን ይመስላችኋል? ማሩ።

ጭራሽ ቀርቦ፣ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን የኔታ። ዛሬስ ያን ጎረቤቴን አዳነን ልክ ልኩን ነገሩልኝ» አላቸው።

«አዳነ ደግሞ ምን አደረገ?»

«የእኔን ድንበር ሲታከክ አያዩም?»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ያዙ። «ብርዱ ድምፄን ዘጋው። ሰንበቴው ላይ ስብከቱ ያመለጣቸው አሉ፤ አንተ ድገምልኝ።»

ማሩ ደስ አለው። ማኅበርተኛው ዳቦና ጠላ ይዞ እንደተቀመጠ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። «ወገኖቼ፣ የኔታ ምን አሉ መሰላችሁ፤ የሰው ወሰን አትግፉ። በተለይ የመበለት...» ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን እቴነሽን አየ። ጋቢውን እንደገና አስተካከለ።

«ቀጥል እንጂ ማሩ» አለች እቴነሽ ዳቦዋን እየቆረሰች፤ «እኔም እየሰማሁህ ነው።»

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ተነሣ። አዳነን ጠላው ትን አለው። ማሩ ጭንቅላቱን አከከና፣ «የኔታ፣ ይኼ ነገር ተቀምጠው ሲሰሙት ቀላል ነበር» አለ።

«ታዲያ መልስላት» አሉ መምህሩ፣ ድምፃቸው ድንገት ተከፍቶ።

«ነገ» አለ ማሩ።

ሰኞ ጧት ራሱ አፈር ያለበሰውን የወሰን ድንጋይ ቆፍሮ አወጣና እቴነሽ በጣቷ ካሳየችው ቦታ ተከለው። አዳነ ደግሞ ማንም ሳይጠራው የራሱን ድንጋይ ሊያይ ወረደ።

ዛሬ መምህር ይሻው እልልታው ከበዛባቸው ቆም ይሉና፣ «ማን ይደግምልኛል?» ይላሉ። ሁሉም ጫማውን ያያል። ያኔ ነው ፊታቸው የሚፈካው።

እናንተም እባካችሁ፣ በሚመጣው እሑድ እጃችሁን ለጭብጨባ ከማንሣታችሁ በፊት የሰማችሁትን ከበደላችሁት ሰው ፊት ቆማችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት።